ዝም እንድትል የተመከረችው ባለቅኔ፦ የሶር ሁዋና ግጥምና የቤተ ክርስቲያን ጆሮ

መግቢያ

በቤተ ክርስቲያኖቻችን ብዙ የማንነጋገርበት አንድ ልማድ አለ። አንዲት እኅት ማይክሮፎን ይዛ ስለ ክርስቶስ ቤዛነት፣ ስለ ጸጋና ስለ ዳግም ምጽአቱ ብትዘምር ጉባኤው እጁን አንሥቶ ይቀበላታል፤ መዝሙሩም በየቤቱና በየመኪናው ለዓመታት ይሰማል። ያችው እኅት ያንኑ ትምህርት መጽሐፍ ቅዱስ ገልጣ በሃያ ደቂቃ ላስረዳ ብትል ግን በብዙ አጥቢያ ጥያቄ ይነሣል። ትምህርቱ ያው ነው፤ የተለየው የዜማው መኖርና አለመኖር ብቻ ነው። ይህን ልማድ ለመደገፍም ሆነ ለመንቀፍ ከመቸኮላችን በፊት፣ ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት በዚሁ መስመር ላይ የቆመችን አንዲት ባለቅኔ ማንበብ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

ይህች ባለቅኔ ሜክሲካዊቷ መነኩሲት ሶር ሁዋና ኢኔስ ዴ ላ ክሩስ ናት። «ሶር» በስፓኒሽ ቋንቋ «እኅት» ማለት ሲሆን ለመነኮሳይት የሚሰጥ መጠሪያ ነው። በዛሬዋ ሜክሲኮ ምስሏ በመቶ ፔሶ ኖት ላይ ታትሟል። ብዙ ሊቃውንት የአሜሪካ አህጉር የመጀመሪያዋ ፌሚኒስት ይሏታል። ቃሉ በብዙዎቻችሁ ዘንድ ጥርጣሬ እንደሚቀሰቅስ አውቃለሁ። ነገር ግን ቃሉ እርሷ ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ነውና ዛሬ በስሙ የሚነገረውን ሁሉ በእርሷ ላይ መጫን አይገባም። ሶር ሁዋና የዘመኗን የወንድና የሴት የሥራ ድርሻ ስትሞግት መጽሐፍ ቅዱስን አስቀምጣ አልነበረም። መጽሐፍ ቅዱስን ይዛ ልማድን ነበር የጠየቀችው። ስለዚህ «ከመጽሐፍ ቅዱስ ሥር ነን» የምንል እኛ ከማንም ይልቅ መልስ እንድንሰጣት እንገደዳለን።

በዚህ ጽሑፍ ሥራዎቿ ያነሷቸውን ሦስት ጥያቄዎች እመረምራለሁ። አንደኛው ስለ ኃጢአት ፍርድ፣ ሁለተኛው ስለ ሴት አእምሮ፣ ሦስተኛው ቅዱሳት መጻሕፍትን ስለ መተርጎም ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ መቀበል አለብን፤ ሁለተኛውን መሠረቱን አርመን መቀበል ይገባናል፤ ሦስተኛው ደግሞ እርሷ ካቆመችበት አልፎ እንድንሄድ የሚያስገድደን ነው።

ሴቲቱና ዘመኗ

ሶር ሁዋና የተወለደችው ከሜክሲኮ ከተማ ብዙም በማይርቀው በሳን ሚጌል ኔፓንትላ መንደር ነው። የልደቷን ዓመት አንዳንዶቹ 1648፣ ሌሎቹ 1651 ያደርጉታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አገሪቱ በዚያን ጊዜ «አዲሲቱ ስፔን» እየተባለች በስፔን ንጉሥ እንደራሴ ትገዛ ነበር። ወላጆቿ በጋብቻ የተሳሰሩ አልነበሩም። እናቷ ማንበብና መጻፍ የማትችል፣ ነገር ግን የእርሻ ይዞታ የምታስተዳድር ሴት ነበረች።

ስለ ልጅነቷ ራሷ የጻፈችው እንዲህ ነው። ገና በሦስት ዓመቷ ታላቅ እኅቷን ተከትላ ሄዳ፣ እናቷ የላከቻት አስመስላ መምህርቷን በማሳመን ማንበብ ተማረች። ወደ ስድስትና ሰባት ዓመቷ ገደማ በሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ መኖሩን ስትሰማ የወንድ ልብስ አልብሳ እንድትልካት እናቷን ለመነች። ልመናዋ ተቀባይነት ባያገኝም በአያቷ መጻሕፍት መካከል ተቀመጠች። ላቲን ስትማር ደግሞ በቀጠረችው ጊዜ ውስጥ ያሰበችውን ካላወቀች ፀጉሯን ትቆርጥ ነበር፤ ዕውቀት የጎደለው ራስ በፀጉር ማጌጥ አይገባውም ብላ ታምን ነበርና።

በወጣትነቷ በእንደራሴው ቤተ መንግሥት ኖረች። ስለ እርሷ የጻፈው የመጀመሪያው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ገደማ አርባ ያህል ሊቃውንት ተሰብስበው ፈተኗት። በዘመኗ ለአንዲት ሴት ሁለት በሮች ብቻ ክፍት ነበሩ፤ ጋብቻና ገዳም። ትዳርን እንደማትፈልግና የምትማርበት ጸጥታ እንደሚያስፈልጋት ራሷ ጽፋለች። በ1667 በጥብቅ ሥርዓቱ ወደሚታወቅ የቀርሜሎስ ገዳም ገብታ ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣች፤ በ1669 ግን በቅዱስ ጀሮም ስም በተሰየመው ገዳም መሐላዋን ፈጸመች። በዚያም ግጥም፣ ቲያትርና የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ጻፈች። የግጥሞቿ የመጀመሪያ ጥራዝ በ1689 በማድሪድ ታተመ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የኃጢአት ፍርድ ለማን?

ከግጥሞቿ ሁሉ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ወንዶችን በቀጥታ እየጠራ የሚወቅሰው ነው። በስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ብዙ ሰው ይህን ግጥም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቀዋል። ቅርጹ «ሬዶንዲያ» ይባላል፤ በየቤቱ አራት አራት ስንኝ አለው፣ ስንኙ ስምንት ቀለም ነው፣ አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ጋር ቤት ይመታል። አጭርና ለቃል ጥናት የሚመች ነው። ባለቅኔዋ የመረጠችው የሊቃውንቱን ከባድ ቅርጽ ሳይሆን ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈውን መሆኑን ልብ በሉ፤ ክሱ እንዲሰማ ፈልጋለችና።

ክሱ እንደ ችሎት ክርክር ይሄዳል። ወንድ ሴትን ወደ ኃጢአት ይገፋፋታል፤ እሺ ስትለው መልሶ «ረክሳለች» ይላታል። እንቢ ካለችው ጨካኝ ናት፤ እሺ ካለችው ቀላል ናት። ስለዚህ ሴት ምንም ብታደርግ ስሟን የምታድንበት መንገድ የለም። ባለቅኔዋ ለገንዘብ የበደለችውንና ገንዘብ ከፍሎ የበደለውን በአንድ ሚዛን አስቀምጣ የማንኛው በደል እንደሚከብድ ትጠይቃለች። በመጨረሻም ቤተ ክርስቲያን የነፍስ ጠላቶች ብላ የምታስተምራቸውን ሦስቱን፣ ዓለምን፣ ሥጋንና ዲያብሎስን፣ በአማላዩ ወንድ ውስጥ ተሰብስበው ታገኛቸዋለች። ግጥሙ በዚህ ቦታ ሥነ መለኮት ሆኗል። የዘመኑ ስብከት ፈተናን በሴት መልክ ይሥል ነበር፤ እርሷ ያንኑ ትምህርት ሳትለውጥ ሥዕሉን ገለበጠችው።

መጽሐፍ ቅዱስ ከማን ጋር ነው? ዘፍጥረት 38ን ክፈቱ። ይሁዳ ምራቱ ትዕማር መፀነሷን በሰማ ጊዜ አውጥተው እንዲያቃጥሏት አዘዘ፤ ማኅተሙን፣ ገመዱንና በትሩን ባየ ጊዜ ግን ከእርሱ ይልቅ እርሷ ጻድቅ መሆኗን መሰከረ። በዘሌዋውያን 20፥10 እና በዘዳግም 22፥22 ሕጉ የሚፈርደው በሁለቱም ላይ ነው። በዮሐንስ 8 ግን ሴቲቱ በድርጊቱ ላይ ሳለች እንደ ተያዘች እየተነገረ በጌታ ፊት የቀረበችው ብቻዋን ነበር። ወንዱስ የት ሄደ? ሶር ሁዋና የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። በመዘምራን ኅብረት የምታገለግል አንዲት ወጣት ብታረግዝ ጉዳዩ በሆዷ ይታያልና ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ከአገልግሎት ትታገዳለች፤ አንዳንዴም በጉባኤ ፊት ስሟ ይነሣል። ያስረገዘው ግን በሚቀጥለው እሑድ ጊታር ይዞ ሲቆም የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል። መጋቢዎች ሆይ፣ የቅጣት መዝገባችሁን ብትገልጡ ለእያንዳንዷ የታገደች እኅት አንድ የታገደ ወንድም ታገኛላችሁን? ካላገኛችሁ እየቀጣችሁ ያላችሁት ኃጢአትን ሳይሆን እርግዝናን ነው።

በግጥሙ ላይ የማነሣው አንድ ትችት አለ። ሽሙጥ እንደ መሆኑ ለንስሐ ቦታ የለውም፤ ወንዶቹ ተከስሰው፣ ተረትተው ይቀራሉ። በዘፍጥረት ያለው ይሁዳ ግን ይናዘዛል፤ በዘፍጥረት 44 ደግሞ ስለ ታናሽ ወንድሙ ራሱን ባሪያ አድርጎ የሚያቀርብ ሌላ ሰው ሆኖ እናገኘዋለን። ግጥሙ በሽታውን ይነግረናል፤ ፈውሱን የምንሰብከው እኛ ነን። ነገር ግን በሽታውን ያልተቀበለ ሰው ፈውሱን እንደማይፈልግ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ አእምሮ ጾታ አለውን?

ከሥራዎቿ መካከል እኛን ይበልጥ ሊያስደንቀን የሚገባው የቤተ ክርስቲያን መዝሙሮቿ ናቸው። «ቪያንሲኮ» የተባሉት እነዚህ መዝሙሮች በበዓላት ቀን በካቴድራል የሚዘመሩ፣ ከላቲን ይልቅ በሕዝቡ ቋንቋ የሚበዙ ነበሩ። ሶር ሁዋና ለሜክሲኮ፣ ለፑዌብላና ለኦዋሃካ ካቴድራሎች ጽፋለች። በ1691 በኦዋሃካ የተዘመሩት ስለ እስክንድርያዋ ካትሪን የተጻፉ ናቸው። በትውፊት እንደሚነገረው ይህች ድንግል ፈላስፎችን በክርክር ረትታ በሰማዕትነት ሞተች። ታሪኩን እንደ ታሪክ መቀበልና አለመቀበል ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኛም ለቅዱሳን በዓል አንዘምርም። ትኩረታችን መዝሙሩ የሚለው ላይ ይሁን፤ ማስተዋል በጾታ የሚወሰን አይደለም፣ ሴት በመማሯም እግዚአብሔር ይከብራል ይላል።

ይህ ትምህርት ከስብከት መድረክ በሴት አፍ ቢነገር ኖሮ የሚፈቅድ አልነበረም። በዜማ ሲመጣ ግን ካቴድራሉ ራሱ ዘመረው። እዚህ ላይ ወደ መግቢያዬ ልመልሳችሁ። ጳውሎስ በቆላስይስ 3፥16 በመዝሙርና በዝማሬ እርስ በርሳችን እንድንማማርና እንድንገሣጽ ሲናገር መዝሙርን ከትምህርት አልለየም። ማርያም በዘጸአት 15፣ ዲቦራ በመሳፍንት 5፣ ሐና በ1ኛ ሳሙኤል 2፣ የጌታ እናት ማርያም በሉቃስ 1 የዘመሯቸው መዝሙሮች ዛሬ ቅዱስ ቃል ሆነው ከመድረካችን ይሰበካሉ። ሶር ሁዋና ራሷ ለግጥም ስትከራከር የቅዱሳት መጻሕፍትን መዝሙሮችና የማርያምን ዝማሬ ጠቅሳለች። እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ፦ ከሐና መዝሙር ስለ እግዚአብሔር ሉዓላዊነት የሚሰብክ መጋቢ ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀው፣ ሴት ካስተማረችው እያስተማረ ነው።

ይሁን እንጂ የሶር ሁዋና መሠረት መታረም አለበት። በፔሩ የሚኖር አንድ ሰው ከሸክላ ዕቃ ስጦታ ጋር ወንድ እንድትሆን የሚመክር ግጥም ልኮላት ነበር። በግጥም ስትመልስለት የእርሷ አካል ወንድም ሴትም የማይባል፣ ነፍስ ብቻ የተቀመጠበት ዕቃ እንደ ሆነ ትናገራለች። ቀልድ አለበት፤ ሆኖም ከቀልዱ ሥር በዘመኗ ትምህርት የተለመደ አስተሳሰብ አለ፤ ነፍስ ጾታ የላትምና እኩልነት በነፍስ ነው የሚል። ክርክሩ ጠቅሟታል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ሴት አእምሮ እንዳላት ለማሳየት ሴትነቷን መተው ካለባት ልማዱ አሸንፏል ማለት ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ በሌላ መንገድ ይሄዳል። በዘፍጥረት 1፥27 የእግዚአብሔር መልክ የተነገረው ጾታ ስለ ሌላት ነፍስ አይደለም፤ ወንድና ሴት ሆነው ስለ ተፈጠሩት ነው። ቃል ሥጋ ሆነ እንላለን፤ የሥጋን ትንሣኤ እንጠብቃለን፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 መሠረት አካላችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው። ስለዚህ ሴት የምትማረውና የምታስተውለው ከአካሏ በማምለጥ አይደለም፤ ሴት ሆና እንደ ተፈጠረች የአምላኳ መልክ ናት። ይህ መሠረት የሶር ሁዋናን መደምደሚያ ይበልጥ ያጸናዋል እንጂ አያዳክመውም። በተጨማሪም የምታጠባ፣ የምታበስል፣ ልጅ ያዘለች እናት ነገረ መለኮት ለመማር ብቁ መሆኗን ይነግረናል። መነኩሲቷ ክርክሯን ለእንዲህ ያለችው ሴት ብዙም አላሰፋችውም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ቅዱሳት መጻሕፍትን ማን ይተርጉም?

በ1690 አንድ ነገር ሆነ። አንቶኒዮ ቪዬራ የተባለ ታዋቂ የፖርቱጋል ኢየሱሳዊ ካህን ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት በጸሎተ ሐሙስ የሰበከው ስብከት ነበር፤ የክርስቶስ ፍቅር ከሁሉ የላቀ መግለጫ የቱ ነው የሚል። ቪዬራ በስብከቱ ከአውግስጢኖስ፣ ከቶማስ አኩዊናስና ከዮሐንስ አፈ ወርቅ የተለየ ሐሳብ አቀረበ። ሶር ሁዋና የቀደሙትን አባቶች ደግፋ በጽሑፍ ሞገተችው። የፑዌብላው ጳጳስ ጽሑፏን አሳተመው፤ ከእርሱም ጋር «ሶር ፊሎቴያ» በሚል የመነኩሲት ስም ተሸሽጎ የጻፈውን ደብዳቤ አወጣ። ደብዳቤው ተሰጥኦዋን እያመሰገነ ዓለማዊውን ዕውቀት ቀንሳ ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት እንድታዘነብል የሚመክር ነበር።

መልሷ የተጻፈው መጋቢት 1 ቀን 1691 ሲሆን የታተመው ከሞተች በኋላ በ1700 ነው። ይህ ድርሳን በእያንዳንዱ የሰሚነሪ ተማሪ እጅ ቢገባ ደስ ይለኝ ነበር። አንደኛ፣ ያለ ሌላው ዕውቀት ቅዱሳት መጻሕፍትን መረዳት እንዴት ይቻላል ብላ ትጠይቃለች። ያለ ሥነ አመክንዮ፣ ያለ ንግግር ጥበብ፣ ያለ ሒሳብ፣ ያለ ታሪክና ሕግ የመቅደሱን ልክ፣ የነቢያቱን ምሳሌ፣ የሕጉን ፍርድ ማን ያስተውለዋል? ዛሬ «መንፈስ ካለህ ሰሚነሪ ለምን አስፈለገህ?» ለሚለን ሰው የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ለሦስት ወር መጻሕፍት በተከለከለችበት ጊዜ ከተፈጠረው ነገር ሁሉ ትማር እንደ ነበር ትተርካለች። እንቁላል በቅቤ ሲጠበስ የሚሆነውን አስተውላለች፤ ልጆች እንዝርት መሰል መጫወቻ ሲያሽከረክሩ የሚጽፈውን መስመር ለማየት ዱቄት ነስንሳለች። ኩሽና ለእርሷ የመማሪያ ክፍል ሆነ። ልማድ ለሴት የሰጠውን ክፍል ተቀብላ፣ ልማዱ ያላሰበውን ሥራ ሠራችበት።

ሦስተኛ፣ ወደ ምስክሮቿ ትሄዳለች። ዲቦራን፣ አቢግያን፣ አስቴርን፣ ረዓብንና ሐናን ትጠራለች። ከእነርሱም ጋር የሳባን ንግሥት ታነሣለች፤ ሰሎሞንን በጥያቄ ለመፈተን የደፈረችና ስለ ደፈረች ያልተነቀፈች ሴት። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህችን ንግሥት በታሪካችን መጀመሪያ ላይ ስናስቀምጣት ብዙ ጊዜ የምንተርከው ስለ ልጇ ነው። በ1ኛ ነገሥት 10 ግን የተጻፈው ስለ ጥያቄዎቿ ነው። ጌታም በማቴዎስ 12፥42 ያመሰገናት ጥበብን ፍለጋ ከምድር ዳርቻ ስለ መጣች ነው። መነኩሲቷ በዚህ ነጥብ ላይ ከእኛ ይልቅ ለጽሑፉ ቀርባለች።

አራተኛ፣ ወደ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥34 ትመጣለች። የምትሰጠው ትርጓሜ ቁጥብ ነው። ክልከላው በአደባባይ መስበክንና ማስተማርን እንጂ በግል ማጥናትን፣ መጻፍንና ማስተማርን አይመለከትም ትላለች፤ በዚህም ሁዋን ዲያዝ ዴ አርሴ የተባለውን የአገሯን የነገረ መለኮት ሊቅ ትጠቅሳለች። ከቲቶ 2፥3 ተነሥታ ሸምገል ያሉ ሴቶች ልጃገረዶችን ቢያስተምሩ ኖሮ ብዙ ጉዳት ይቀር እንደ ነበር ታሳስባለች። ክልከላው ለሴት ብቻ ሳይሆን ላልተማረና ለትዕቢተኛ ወንድም ነው ስትል ደግሞ ሳቋን ትንሽ ታሰማናለች።

በጽሑፉ ላይ የራሳችንን ሥራ እንሥራ። በዚያው ምዕራፍ ጳውሎስ «ዝም በል» የሚለውን ግሥ ሦስት ጊዜ ይጠቀማል። በቁጥር 28 የሚተረጉም ከሌለ በልሳን የሚናገረው ዝም ይላል፤ በቁጥር 30 ለሌላው ሲገለጥለት የመጀመሪያው ነቢይ ዝም ይላል፤ በቁጥር 34 ሴቶች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሁኔታ የተወሰኑ፣ ለጉባኤው ሥርዓት የታዘዙ መሆናቸውን ማንም አይክድም። ሦስተኛውንም ስንተረጉም በ11፥5 ሴት በጉባኤ እንደምትጸልይና ትንቢት እንደምትናገር ያው ሐዋርያ መናገሩን መርሳት አንችልም። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2 ደግሞ በቁጥር 12 ባለው ክልከላ ላይ ለዘመናት ስንከራከር በቁጥር 11 ያለውን ትእዛዝ አልፈነዋል። በግሪኩ «ማንታኔቶ» የሚለው ቃል ትእዛዝ ነው፤ ትማር ይላል። ስለ ሹመት የሚከራከሩ ወገኖች ሁሉ፣ የሴትን መጋቢነት የሚቀበሉትም የማይቀበሉትም፣ በዚህ ቁጥር ሥር አንድ ላይ ይቆማሉ።

ስለዚህ ሶር ሁዋና ያቆመችበት ለእኛ ዝቅተኛው መነሻ ነው። እርሷ የቆመችበት ቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ሥልጣን በካህናት እጅ ነው የሚል ነበር። እኛ የምእመናን ሁሉ ክህነትን እንሰብካለን፤ መጽሐፍ ቅዱስ በእያንዳንዱ እጅ ይግባ እንላለን። የሐዋርያት ሥራ 18፥26 ጵርስቅላ ከባሏ ከአቂላ ጋር ሆና በመጻሕፍት የበረታውን አጵሎስን የጌታን መንገድ በትክክል እንደ ገለጠችለት ይነግረናል። ይህን ሁሉ ይዘን በሴቶች ትምህርት ላይ ከአንዲት የአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን መነኩሲት ብናንስ ምክንያታችን ምንድን ነው?

ሳንሸፋፍን የምናነባት

በጎ አንባቢ የሚወደውን ጸሐፊ ጉድለት አይደብቅም። በዚያው መልስ ውስጥ ሶር ሁዋና ቅዱሳት መጻሕፍትን አጣመው ከጠፉት መናፍቃን መካከል ሉተርን ትቆጥራለች። ይህ ሊያስቀይመን አይገባም፤ ካቶሊካዊት መነኩሲት ናትና። ይልቅ ሊያስገርመን ይገባል፦ ሉተርን የምታወግዘው ሴት የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብን ለሴት ስትጠይቅ፣ የሉተር ልጆች ነን የምንለው ዝም ብንል እንዴት ይታያል?

ከዚህ የሚከብድ ጉድለት አለ። ሶር ሁዋና ወደ ገዳም ስትገባ እናቷ የሰጠቻት ባሪያ ነበረቻት፤ በኋላም ለእኅቷ ሸጠቻት። የምትማርበት ጸጥታ በሌላ ሴት ጉልበት የተገዛ ነበር ማለት ነው። ስለ ሴት አእምሮ የጻፈችው ብዕር ያችን ሴት አላያትም። እኛም ሚስቶቻችንና እኅቶቻችን እንዲማሩ ስንደግፍ ቤት የምትጠብቀዋ ሠራተኛ መጽሐፍ ቅዱስ የማንበብ ዕድል አላት ወይ ብለን መጠየቅ አለብን።

የእኛው የወንጌላውያን ታሪክ በዚህ ላይ የሚለው አለው። አስቴር ጋኖ በባርነት ተሽጣ በባሕር ላይ ሳለች በ1886 ነፃ ወጣች፤ በምፅዋ አቅራቢያ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ ከሕዝቡ አፍ የሰበሰበቻቸው ተረቶችና መዝሙሮች በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ገቡ። በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጎን ሠርታለች፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ሲነሣ የሚጠራው የእርሱ ስም ብቻ ነው። ለሶር ሁዋና ባሪያዋ የማትታይ ነበረች፤ በእኛ ታሪክ ግን ባሪያ የነበረችው ሴት ቃሉን ለሕዝቧ ካደረሱት አንዷ ሆነች። ቅዱሳት መጻሕፍትን ማን ይተርጉም ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ በመደርደሪያችን ላይ ተቀምጦ ኖሯል።

ዝምታዋና የእኛ ሥራ

ከመልሱ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሶር ሁዋና መጻፏን አቆመች ለማለት ይቻላል። በ1694 መሐላዋን አደሰች፣ ቃል ኪዳኗንም በደሟ ፈረመች፤ መጻሕፍቷና የምርምር መሣሪያዎቿ ለድሆች እንዲሆኑ ተሸጡ። የሜክሲኮው ባለቅኔ ኦክታቪዮ ፓስ በ1982 ባሳተመው ሰፊ ጥናት የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣናት ጫና እንዳስገደዳት ይሟገታል፤ ሌሎች በፈቃዷ የሆነ መንፈሳዊ መመለስ ያዩበታል። ሚያዝያ 17 ቀን 1695 በወረርሽኝ የታመሙ እኅቶቿን ስታስታምም ሞተች። የክርስቶስን ፍቅር በጽሑፍ የተከራከረችበት ሴት በሞቷ ያንኑ ፍቅር ኖረችው። ጫናም ይሁን ንስሐ፣ ለእኛ ለእረኞች የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ በእጃችን ሥር ያለ ተሰጥኦ ዝም ሲል ምክንያቱን እንጠይቃለን ወይስ ጸጥታውን እንደ ትሕትና ቆጥረን እንረካለን? ጳጳሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አመስግኗታል፣ አሳትሟታል። ነገር ግን ሊያርማት ሲፈልግ በራሱ ስም አልተናገራትም፤ የሴት ስም ለብሶ መጣ። እረኛ በጎቹን በግልጽ ይናገራል።

ስለዚህ በየአጥቢያችሁ ልታደርጉት የምትችሉትን ሦስት ነገር ልጠቁም። የቅጣት ሥርዓታችሁን ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣችሁ መርምሩ፤ ወንዱ ሳይጠየቅ ሴቲቱ ብቻ የምትታገድበት አሠራር ካለ አቁሙት። መዝሙር የሚጽፉ እኅቶችን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናትና ወደ ነገረ መለኮት ትምህርት ላኩ፤ ጉባኤያችሁ ከእነርሱ እየተማረ ነውና የሚያስተምሩትን በጥልቀት ይወቁት። የትምህርት ዕድል ወደ አጥቢያችሁ ሲመጣ የምትልኩትን ሰው ከመወሰናችሁ በፊት በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥11 ያለውን ትእዛዝ አንብቡ፤ በዚያ የታዘዘችው እኅት በእናንተ ዝርዝር ውስጥ መኖሯን አረጋግጡ።